ቮልሷ ውስጥ ሳይጮኹ ለመነጋገር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ስለ አንድ ችግር የሚያወሩ ናቸው፤ በቆየች መኪና ውስጥ የሚሰማው ጩኸት። የጠያቂዎቹ መኪኖች ይለያያሉ። ሁሉም ማለት ይቻላል «የትኛውን ቁሳቁስ ልግዛ?» ብለው ይጀምራሉ። እኛ ግን ግዢውን ወደ መጨረሻ እንገፋዋለን፤ ገንዘብ የሚባክነውም፣ መኪና በዝገት የሚበላውም ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ሲዘለል ነውና።

ጥያቄ፦ የ1968 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ 1300 አለችኝ። ወንበሩንም ምንጣፉንም አውጥቼ ላሜራው ብቻ ቀርቷል። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ጋር መነጋገር አልችልም። ለሳውንድ ፕሩፍ የተጠየቅሁት ዋጋ ደግሞ መኪናዋን ሙሉ ቀለም ከማስቀባት ይበልጣል። በአነስተኛ ወጪ ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንበሩና ምንጣፉ መውጣቱ ዕድል ነው፤ አብዛኛው ሰው ይህን የሚያደርገው ወለሉ በስብሶ ውኃ ሲያስገባ ብቻ ነው። ሳውንድ ፕሩፍ ለመግዛት ግን አይቸኩሉ። የመጀመሪያው ሥራ ከአንድ መብራትና ከጥቂት ጎማ ያለፈ ወጪ የለውም።

ሲመሽ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ጠንካራ የእጅ ባትሪ አብርተው ያስቀምጡና ክዳኑን ይዝጉ። ሞተሩ መጥፋቱን፣ መብራቱም ነዳጅ ቱቦ ላይ አለማረፉን ያረጋግጡ። ከዚያ ውስጥ ገብተው በሮቹን ይዝጉና ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለውን ላሜራ በደንብ ይመልከቱ። ብርሃን በገባበት ሁሉ ድምፅ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ቀዳዳዎች የታወቁ ናቸው፤ ሽቦ የሚያልፍባቸው ጎማዎች ደርቀው የወደቁባቸው ክብ ቀዳዳዎች፣ በግራና በቀኝ የሙቅ አየር ቧንቧ የሚገባባቸው ቦታዎች፣ ወለሉና አካሉ በብሎን የሚገናኙበት መስመር። እያንዳንዱን በጠመኔ ያክብቡት።

ይህ ቀላል ነገር አይምሰልዎት። የአንድ ግድግዳ ስፋት ከመቶ አንዱ ብቻ ክፍት ከሆነ፣ የቀረው የቱንም ያህል ቢወፍር ግድግዳው በጠቅላላው ከ20 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በላይ ሊያግድ አይችልም። ስለዚህ የአውራ ጣት ስፋት ያላቸው ጥቂት ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ ውድ ቁሳቁስ መለጠፍ በር ከፍቶ መስኮት እንደ መዝጋት ነው።

የሙቅ አየር ቧንቧዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። የሙቀት መስጫው ተነቅሎ ቀዳዳዎቹ ባዶ ከቀሩ፣ የሚገባው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከማርሚታው የሚሾልክ ጭስም በዚያው ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ነጂው ሳያውቀው ያደክመዋል፣ ሲብስም ይገድላል። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ አይወትፉ። በልካቸው የተቆረጠ ላሜራ ከስሩ 3 ሚሊ ሜትር ጎማ ተደርጎበት በቪት ይታሰር፣ ዙሪያውም በማሸጊያ ይደፈን።

ቀጥሎ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ሞተሩን ከበው በተቀመጡት ላሜራዎችና በአካሉ መካከል ያለውን ጎማ ይመልከቱ። ይህ ጎማ ከታች የሚመጣውን የጭስና የሞተር ሙቀት ከላይ ካለው ንጹሕ አየር ይለያል። ሲቆረጥ ወይም ሲጠፋ ሁለት ጉዳት አለው፤ የማርሚታው ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማራገቢያውም የሞቀ አየር መልሶ ይስባል። ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር በመሆኑ ጎማውን መለወጥ ከድምፁም በላይ ሞተሩን ያድናል። እዚያው እያሉ የነዳጅ ቱቦውን በጣትዎ ይጫኑት። ከደረቀ ወይም ከሰነጠቀ ሌላውን ሁሉ ትተው እሱን ያስለውጡ።

አሁን ወደ ንዝረት እንምጣ። ላሜራውን በጣትዎ መገጣጠሚያ እያንኳኩ ይሂዱ። አንዳንዱ ቦታ «ድንንን» ብሎ እንደ ትሪ ይደውላል፤ ሌላው «ድብ» ብሎ ወዲያው ይሞታል። የሚደውለው ቦታ ነው ቡቲል፣ ማለትም ንዝረት የሚገድለው ተጣባቂ የጎማ ንጣፍ፣ የሚፈልገው። ጠርዝ፣ እጥፋትና የታተመ መስመር ያለበት ላሜራ በራሱ ጠንካራ ስለሆነ እዚያ ላይ መለጠፍ ብክነት ነው። የቮልስ ጣሪያ ክብ በመሆኑ ብዙም አይደውልም፤ ገንዘብ ካጠረ ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ መተው ይቻላል። ትልቁ ደዋይ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው የዕቃ ቦታ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ወለሉ፣ ከዚያም የበሮቹ የውጭ ላሜራ።

ለዚህ ሥራ የሚበጀው በአሉሚኒየም ፎይል የተሸፈነ 2 ሚሊ ሜትር ቡቲል ነው። የሚሠራው ድምፅን በማገድ ሳይሆን ላሜራው ሲታጠፍና ሲመለስ ጉልበቱን ወደ ጥቂት ሙቀት በመለወጥ ነው። ለዚህም ነው የሚደውለውን ቦታ መሀል ከሲሶ እስከ ግማሽ መሸፈን የሚበቃው። ሙሉውን ቢሸፍኑ የሚጨምረው ጥቅም ጥቂት፣ ክብደቱ ግን እጥፍ ነው። ለቮልስ እንዲህ ይገምቱ፦ ከኋላ ወንበር ጀርባና ለዕቃ ቦታው 1.2 ካሬ ሜትር፣ ለወለሉ 1 ካሬ ሜትር፣ ለሁለቱ በሮች 0.5፣ ለኋላ ጎማዎች ቅስት 0.4። በጠቅላላው ከ3 ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ቡቲሉ በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 10 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሙሉውን በድርብ ሸፍኑ የሚሉ አሉ፤ ያ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። 800 ኪሎ ለምትመዝን መኪና፣ ያውም በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ መሳሳት ከሞተሩ ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ለሚወስድባት፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ያ ክብደት ይሰማታል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል ይህ ነው። አሮጌው የፋብሪካ ሬንጅ ከላሜራው ላይ ካልላቀቀ አይንኩት። የተሰነጠቀውንና የተነሣውን በመፋቂያ ያንሡ፤ ከስሩ ብዙ ጊዜ ዝገት ይገኛል። ዝገቱን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው አንቲረስት ይቀቡና ቢያንስ 24 ሰዓት ያድርቁት። እርጥብ ቀለም ላይ የተለጠፈ ቡቲል ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ከዚያ ላሜራውን በአኳራጅ ይጥረጉ፣ ቀጥሎ በአልኮል፤ አኳራጅ ብቻውን ቅባታማ ሽፋን ይተዋል። በደረቅ ነጭ ጨርቅ ሲያብሱት ጨርቁ ካልጠቆረ ዝግጁ ነው።

ቡቲል ብርድ አይወድም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ላሜራው እጅ የሚያቀዘቅዝ በሆነበት ሰዓት አይለጥፉ፤ መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማ ከ4 ሰዓት በኋላ ይጀምሩ። ላሜራው ከ20 ዲግሪ በታች ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁት። ቡቲሉን በመቀስ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡት፤ ትልቅ ቁራጭ ስሩ አየር ይቋጥራል። ከአንድ ጫፍ ጀምረው በትንሽ የእንጨት ሮለር በኃይል ይጫኑ። ፎይሉ ላይ የታተሙት ጉብታዎች ጠፍተው ጠፍጣፋ ሲሆኑ ሥራው አልቋል ማለት ነው። ያልተጫነ ቡቲል ዋጋ የለውም፤ ላሜራው ሲንቀጠቀጥ አብሮት ካልታጠፈ የሚያደርገው ነገር የለም። የፎይሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ጓንት ያድርጉ።

የማይሸፈኑ ቦታዎችን ልብ ይበሉ። ከኋላ ወንበር ስር፣ መሀለኛው የወለል ዋሻ ላይ የታተመው የሻንሲ ቁጥር በፍጹም አይሸፈን፤ ለቦሎ ምርመራ ሲሄዱ የሚፈለገው እሱ ነው። እዚያው አጠገብ የማርሽ ዘንጉ መገጣጠሚያ የሚፈታበት ትንሽ ክዳን አለ፣ እሱም ነፃ ይሁን። ወለሉ ላይ ያሉትን የጎማ መድፈኛዎችም ይተዉ። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ስለሆነ በዙሪያው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ፎይል ያለው ነገር አይለጥፉ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የተላጠ ጫፍ ፖዘቲቩን ከነካ እሳት ነው። የባትሪው ክዳንም መኖር አለበት፤ የወንበሩ ሽቦ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፍ በመንካቱ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ።

ከቡቲሉ በላይ የሚሠራው ሁለተኛው ንብርብር ድምፅ ለማገድ ነው። ለማገድ የሚያስፈልገው ክብደት ያለው፣ ያልተቆራረጠ፣ ላሜራው ላይ በቀጥታ ያልታሰረ ነገር ነው። እዚህ ላይ ውድ ዕቃ አያስፈልግዎትም። የኤሲ ቧንቧ የሚሸፈንበት ጥቁር የላስቲክ ፎም በጥቅልል ይሸጣል፤ 10 ሚሊ ሜትሩን ከታች ያንጥፉ። ከላዩ 3 ሚሊ ሜትር ጥቅጥቅ ያለ የጎማ ምንጣፍ ያድርጉ፤ በካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ለዚሁ ሥራ ተብሎ ከሚሸጠው ከባድ ቪኒል ብዙም አይተናነስም። ገበያ ሲሄዱ ሚዛን ያለው ሻጭ ይፈልጉና አንድ ካሬ ሜትሩን ያስመዝኑ። 1 ኪሎ የሚመዝን «ወፍራም» ምንጣፍ ወፍራም የሆነው በአየር ነው። ጎማውን ካሸተቱት በኋላ ፀሐይ ላይ አቆይተው እንደገና ያሽትቱት፤ ከአሮጌ ጎማ ተፈጭቶ የተሠራ አንዳንዱ ሲሞቅ ራስ ያዞራል። ፎሙንና የጎማ ምንጣፉን ከኋላ ወንበር ጀርባ እና ወለሉ ላይ ብቻ ያድርጉ። ምንጣፉን በቪት ላሜራው ላይ አይሰሩት፤ ቪቱ ንዝረቱን ያሸጋግረዋል።

ምን ያህል ይጠብቁ? የቮልስ ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በሰኮንድ 100 ጊዜ ይተኩሳል፣ ማለትም ነዳጅ ያቃጥላል። የዚህ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ነው፤ ስፖንጅ እንዲመጥጠው የርዝመቱን ሩብ፣ ማለትም 85 ሳንቲ ሜትር መወፈር ይኖርበታል። ስለዚህ ያ ከስር የሚመጣው ጉርምርምታ በየትኛውም ስስ ፎም አይጠፋም፤ በደህና ማርሚታና በክብደት ብቻ ይቀንሳል። የሚጠፋው የቫልቩ ኳኳታ፣ የማራገቢያው ፉጨትና የላሜራው ድውልታ ነው። ሰዎች ለመነጋገር የሚቸገሩት ደግሞ በዋናነት በእነዚህ ነው። ለማነጻጸር ስልክዎ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ይጫኑ፤ ከሥራው በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ማርሽ፣ መስኮት ዘግተው ይለኩ። 3 ዴሲቤል መቀነስ ጆሮ የሚያስተውለው ለውጥ ነው፤ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ጩኸቱ በግማሽ የወረደ ይመስላል።

ሞተሩ ክፍል ውስጥ ባለው ግድግዳ ላይም ቁሳቁስ መለጠፍ ካሰቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማራገቢያው አየር የሚስበው በዚያ ፊት ለፊት ነው። ማስቲሹ በሙቀት ለቆ የተነሣ አንድ ቁራጭ ተስቦ አፉን ከደፈነው ሞተሩ ሳይታወቅ ይቃጠላል። እዚያ የሚለጠፍ ነገር በሰፊ ሮንዴላና በቪት ይታሰር፤ ዘይት የማይጠጣ፣ እሳት የማይዝ ይሁን። አለበለዚያ ከነጭራሹ ይቅር።

ጥያቄ፦ ላዳ 2107 ነው የምነዳው። ጓደኞቼ የሕንፃ ጣሪያ ውኃ እንዳያስገባ የሚነጠፈውን የሬንጅ ጥቅልል ገዝቼ ወለሉንም ጣሪያውንም እንድሸፍን መክረውኛል። ዋጋው የቡቲሉን ሩብ አይሆንም። ያዋጣል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለጣሪያውና ለበሮቹ አያዋጣም፤ ለወለሉ በሁኔታው ይወሰናል።

አዳማ ላይ ፀሐይ የቆመች መኪና የጣሪያ ላሜራ 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሬንጅ በዚህ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ከጣሪያ ላይ ተላቆ የጣሪያውን ልብስ ወደ ታች ይጎትታል። በሮች ውስጥ ደግሞ ተንሸራቶ ወርዶ ከታች ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ከዚያ በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል። ሌላው ችግር ብዙዎቹ ጥቅልሎች የሚለጠፉት በጋዝ እሳት መሆኑ ነው። መኪና ውስጥ፣ ነዳጅ ታንክና የሽቦ ጥቅል ባለበት፣ በእሳት መለጠፍ የሚያስብ ሰው ካለ ይተወው። በራሱ የሚጣበቀው ዓይነት ይሻላል።

ለወለሉ ግን፣ ከዝገት በጸዳና ቀለም በተቀባ ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ፣ በራሱ የሚጣበቀው ሬንጅ ይሠራል። የላዳ ወለል ከፋብሪካውም ሲወጣ የሬንጅ ሽፋን ነበረው። 4 ሚሊ ሜትር ጥቅልል በካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ደዋዩን መሀል ብቻ ይሸፍኑ። ከማርሚታው በላይ ያለውን የወለል ክፍል ይዝለሉ፤ እዚያ ሙቀቱ ከፀሐይ ይበልጣል።

ሻጩ «ቡቲል ነው» ብሎ ሬንጅ እንዳይሰጥዎትም ይጠንቀቁ፤ ሁለቱም ፎይል ለብሰው ይሸጣሉ። ያሽትቱት፤ ሬንጅ እንደ አዲስ አስፋልት ይሸታል፣ ቡቲል ሽታው ደካማ ነው። ከጠርዙ ትንሽ ቆንጥረው ይሳቡት፤ ቡቲል እንደ ማስቲካ ይረዝማል፣ ሬንጅ ይቆረጣል። የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው ሲያጥፏት ከተሰበረች ሬንጅ ናት። የመጨረሻው ፈተና ጊዜ ይወስዳል፤ ከኮፈኑ ስር ቀጥ ባለ ላሜራ ላይ ትንሽ ቁራጭ ለጥፈው ዙሪያዋን በእርሳስ ያስምሩ፣ ሳምንት ይንዱ። ከመስመሯ ወርዳ ካገኟት ለበር አትሆንም።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ሰው በሌለበት ሜዳማ መንገድ ላይ በ60 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ማርሹን ነፃ ያድርጉት፤ ቁልፉን ግን አያጥፉ፣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ድምፁ ከጠፋ ከሞተሩ ወይም ከማርሚታው ነው። ካልጠፋ ከጎማ፣ ከኩሽኔታ ወይም ከዲፈረንሻል ነው። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዞሩ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ይጠርጥሩ። ነዳጅ ሲሰጡ የሚያፏጭ፣ ሲለቁ የሚለወጥ ከሆነ ዲፈረንሻሉ ነው። ላዳ ላይ በተለይ የካርዳኑን (የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን ዘንግ) መሀለኛ ኩሽኔታና የያዘውን ጎማ ያስፈትሹ፤ ጎማው ሲቀደድ ከወንበሩ ስር የሚመጣ ድምድምታ ይፈጥራል። ያንን ድምድምታ የትኛውም ሬንጅ አይሸፍነውም፣ ከተሸፈነም ካርዳኑ እስኪበጠስ ሳይታይ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት የፔጆ 504 ወለሌን በፍራሽ ስፖንጅ ሸፍኜ ከላዩ ምንጣፍ አደረግሁ። በበጋ ደስ ይል ነበር። አሁን ክረምቱ ከገባ ወዲህ መኪናው ውስጥ የሻገተ ሽታ አለ፣ መስኮቱም ጠዋት ጠዋት ከውስጥ ይጤሳል። ምን ላድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያውጡት። የፍራሽ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ውኃ እንደ ጧፍ ክር ይስባል። ከጫማ የሚወርደው ጭቃ፣ ከበሩ ጎማ የሚሾልከው ዝናብ ሁሉ ስሩ ይጠራቀማል፤ ምንጣፉ ከላይ ደረቅ መስሎ ላሜራው ለወራት ውኃ ውስጥ ይተኛል። የጠዋቱ ጭጋግ ያ ውኃ ተንኖ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ነው።

ስፖንጁን አውጥተው ላሜራውን በካቻቢቴ ጫፍ እየተጫኑ ይመርምሩ፣ በተለይ ከፔዳሎቹ ስርና በወለሉ ጠርዝ። ካቻቢቴው ከገባ ወይም ላሜራው «ቅርፍፍ» ካለ በስቱኮ አይሸፍኑት፤ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል። ጠንካራ ከሆነ ዝገቱን አንሥተው አንቲረስት ይቀቡ፣ በሮቹን ከፍተው ሁለት የፀሐይ ቀን ይስጡት። ምንጣፉን ከመመለስዎ በፊት ውኃው የገባበትን ይፈልጉ። አንድ ሰው በላስቲክ ቱቦ መጀመሪያ ከታች፣ ቀጥሎ በሩን፣ በመጨረሻ የፊት መስታወቱን ዙሪያ ቀስ ብሎ ያጠጣ፤ እርስዎ ውስጥ ተቀምጠው በእጅዎ ይዳብሱ። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ ምንጩ አይለይም። የበሩን ጎማ ለመፈተን ቀጭን ወረቀት በሩ ላይ አድርገው ይዝጉና ይሳቡት፤ ሳይያዝ ከወጣ ጎማው እዚያ ቦታ ላይ ሞቷል። ውኃም ነፋስም ድምፅም የሚገባው በዚያ ነው።

ለወደፊቱ ማንኛውንም ፎም ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ፈተና ያድርጉበት። አንደኛው የውኃ ነው፤ ትንሽ ቁራጭ በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው፣ ድንጋይ አስረውባት ውኃ ውስጥ ያሳድሯት፣ ውጭዋን አድርቀው እንደገና ይመዝኑ። ክብደቷ ብዙ ከጨመረ አትሆንም። ሻጩ ጋ ሆነው ለመለየት ደግሞ አፍዎን ገጥመው ይንፉባት፤ ትንፋሽዎ ካለፈ ውኃም ያልፋል።

ሁለተኛው የእሳት ነው። ከቤት ውጭ፣ ውኃ አጠገብዎ አድርገው፣ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሁለት መስመር ያስምሩ፣ በፒንሳ አግድም ይዘው ጫፉን ይለኩሱ። የአሜሪካ የተሽከርካሪ የውስጥ ዕቃ ደረጃ ቁጥር 302 የሚፈቅደው የቃጠሎ ፍጥነት በደቂቃ እስከ 102 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ እሳቱ ከመስመር እስከ መስመር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከሮጠ፣ ወይም እየነደደ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ መኪናዎ ውስጥ አያስገቡት። ተራ የፍራሽ ስፖንጅ ይህን ፈተና አያልፍም። የኤሲው ጥቁር ፎም እሳቱ ሲነሣለት ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል፤ ቢሆንም የገዙትን ይፈትኑ።

ጥያቄ፦ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው እንደ ቆርቆሮ ቤት ይጮኻል። የጣሪያውን ልብስ ሳላበላሽ ማስተካከል ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የጣሪያው ልብስ በሽቦ ቀስቶች ተወጥሮ ጠርዙ በማስቲሽ የተያያዘ ከሆነ ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የቆየ ቪኒል ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ፀሐይ ላይ አቁመው ካለሰለሱት በኋላ ከኋላ መስታወት በኩል ይጀምሩ። እያንዳንዱን የሽቦ ቀስት ሲያወጡ ቁጥር ይለጥፉበት። ቀስቶቹ ተመሳሳይ ቢመስሉም ቅስታቸው ይለያያል፤ ከተምታቱ ልብሱ ይጨማደዳል።

የዝናብ ጩኸት ከንዝረት የሚመጣ ስለሆነ ቡቲል ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋና ሰፊ በመሆኑ መሀሉን ሲሶ ያህል፣ በ20 በ30 ቁራጮች፣ መካከላቸው ክፍተት እየተዉ ይለጥፉ። ለዚህ 0.6 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከዚያ በላይ ጣሪያ ላይ አይጨምሩ፤ ክብደት ከላይ ሲበዛ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ይወዛወዛል። ሲጫኑ ከውጭ ሌላ ሰው መዳፉን ይደግፍልዎት፤ ስስ ላሜራ በሮለር ከተገፋ ከውጭ ጉብታ ያወጣል፣ ያ ደግሞ የቀለም ወጪ ነው።

ከቡቲሉ ቀጥሎ 6 ሚሊ ሜትር የኤሲ ፎም ይለጥፉ። ተራው የጫማ ሰሪ ማስቲሽ ጣሪያ ላይ አይበረክትም፤ ፀሐይ ሲበረታ ይለሰልስና ፎሙ ልብሱ ላይ ይወድቃል። ሙቀት እንደሚችል የተጻፈበትን ማስቲሽ ይግዙ። ሁለቱንም ፊት ይቀቡ፣ ሲነኩት ጣት ላይ እስከማይዝ ይጠብቁ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ በትክክል ያሳርፉት፤ መልሶ ማንሣት የለም። አራቱንም በሮች ከፍተው ይሥሩ፤ የማስቲሽ ትነት ዝግ መኪና ውስጥ ሰው ይጥላል፣ ከእሳትም ጋር አይገናኝ።

አጫጭር ጥያቄዎች

የእንቁላል ካርቶን ድምፅ ይከላከላል ወይ? አይከላከልም። ቀላል ወረቀት ስለሆነ አያግድም፤ መኪና ውስጥ ደግሞ ውኃ ይጠጣል፣ ይነድዳል።

በጣሳ የሚሸጠውን የሚያብጥ ፎም በበሮቹ ስር ባለው ባዶ የወለል ጠርዝ ውስጥ ብነፋስ? አይንፉ። ያ ባዶ ቦታ ውኃ የሚወጣበትና የሚደርቅበት ነው። ፎሙ ሲያብጥ መውጫ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ከላሜራው ጋር በሚፈጥረው ክፍተትም ውኃ ይይዛል። ቮልስ ላይ ደግሞ ያ ባዶ ቦታ የሙቅ አየር መተላለፊያ ነው። አንዴ ከገባ የሚወጣው ላሜራው ሲቆረጥ ብቻ ነው፤ በኋላ ለብየዳ ሲመጣም ፎሙ ይነድዳል።

በሮቹን ስሠራ ከፓኔሉ ጀርባ የነበረው ፕላስቲክ ተቀደደ፣ ያስፈልጋል? በጣም ያስፈልጋል። በመስታወቱ በኩል ወደ በሩ ውስጥ የሚወርደው ዝናብ ፓኔሉን እንዳያበሰብስና ወለል ላይ እንዳይፈስ የሚከለክለው እሱ ነው። 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ፕላስቲክ በአሮጌው ልክ ቆርጠው ዙሪያውን በቡቲል ገመድ ይለጥፉ፤ የታችኛው ጫፍ ውኃውን ወደ በሩ ውስጥ እንዲመልስ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ሲጨርሱ ብርጭቆ ውኃ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ አፍስሱና ከበሩ ስር መውጣቱን ይመልከቱ። ካልወጣ መውጫ ቀዳዳውን በሽቦ ይክፈቱት።